ከፈረቃ በኋላ፦ የወላይታ ሠራተኞች የዕለት ኑሮና የዕረፍት ጊዜ በስኳር እርሻ ካምፖች

(ይህ ጽሑፍ በትምህርት ክፍሉ ሕዝባዊ ገለጻ ላይ በቃል የቀረበ ሲሆን ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል። እ.ኤ.አ. ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)



ጊፋታ ሲቃረብ ወደ ሶዶ መናኸሪያ ብቅ ያለ ሰው የሚያየውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከመተሐራና ከሐዋሳ የሚመጡት አውቶቡሶች ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና ጄሪካን በጣሪያቸው ላይ ጭነው ይገባሉ። የሚወርዱት አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ናቸው። አዲስ ልብስ ለብሰዋል፤ ለእናት ሻሽ፣ ለአባት ጋቢ፣ ለታናናሾች ጫማ ይዘዋል። ከዚያ ወደየቀበሌያቸው ይበተናሉ። በዓሉ አልፎ ጥቂት ሳምንታት ሲቆጠሩ ደግሞ እነዚያው ወጣቶች በዚያው መናኸሪያ ቆመው ወደመጡበት ይሳፈራሉ።

ይህን መመለስ ብዙ ሰው ጽፎለታል፤ ዘፈንም ወጥቶለታል። የዛሬው ገለጻዬ ግን የሚመለከተው ከመመለሱ በፊት ያሉትን ወራት ነው። ከእነዚያም ወራት ውስጥ በይበልጥ የምጠይቀው፣ ሰውየው ሥራ ባልነበረበት ሰዓት ምን ያደርግ እንደነበር ነው። ስለ ፍልሰት የሚጻፉ ጥናቶቻችን የደመወዙን መጠን፣ የወባውን ብርታትና የመሬቱን ጥበት በሚገባ መዝግበዋል። ማታ ስለተጫወተው ገበጣ፣ ስለ እሑድ ከሰዓት በኋላው፣ ደብዳቤ ስላጻፈበት ጥላ ግን እምብዛም አይነግሩንም። እኔ ዛሬ የምሟገተው እነዚህ ሰዓታት ለታሪክ ትርፍ ነገሮች አይደሉም ብዬ ነው። የካምፕ ሠራተኛ ከጉልበትነት ወጥቶ ሰው ሆኖ የኖረው፣ ከሌላውም ሠራተኛ ጋር ማኅበር የመሠረተው በእነዚህ ሰዓታት ነው።

በቅድሚያ አንድ ቃል ላስተካክል። «ውጭ ሀገር» ስንል ዛሬ በአእምሯችን የሚመጣው ዓረብ አገር ወይም ደቡብ አፍሪካ ነው። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ከዳሞት ተራራ ግርጌ ለተነሣ ገበሬ ግን ወንጂ ራሱ ባዕድ ምድር ነበር። ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ግድም ከፍታ ያላት ደጋማ ከተማ ናት፤ ወንጂ ከ1,600 ሜትር በታች ባለው የአዋሽ ሸለቆ ሜዳ ላይ ይገኛል። በሶዶ ዙሪያ የእንሰት ጥላ፣ የቡና ቅጠልና የጎረቤት ድምፅ አለ፤ በወንጂ ዓይን እስኪደርስ ድረስ አገዳ ብቻ ነበር። በዙሪያው የሚነገረው ኦሮምኛ፣ አለቆች የሚያዝዙበት አማርኛ፣ የበላይ ኃላፊዎች የሚነጋገሩበት ደግሞ ሆላንድኛ ነበር። ወላይትኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው በአንድ ቀን ጉዞ ሦስት ጊዜ እንግዳ ይሆን ነበር።

ሰዎቹን ከቤታቸው ያስነሣቸው ምን ነበር? መልሱ ረጅም ታሪክ ስላለው አሳጥሬ ልናገር። በ1887 ዓ.ም. የንጉሥ ጦና መንግሥት በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ከተሸነፈ በኋላ የወላይታ መሬት ተከፋፍሎ ለሹማምንትና ለወታደሮች ተሰጠ፤ ባለርስት የነበረው ገበሬም ገባር ሆነ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የገባር ሥርዓት በሕግ ቢቀርም፣ በ1930ዎቹ የወጡት የመሬት ግብር አዋጆች ግብር በጥሬ ገንዘብ እንዲከፈል አደረጉ። እንሰት ቤተሰብ ይመግባል እንጂ ብር አያመጣም። ከዚህ በተጨማሪ ወላይታ በኢትዮጵያ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው፤ የአባት ማሳ ለወንድማማቾች ሲከፋፈል የጓሮ ያህል ይቀራል። ስለዚህ አንዱ ልጅ ማሳውን ይዞ ሲቀር ሌላው ብር ፍለጋ ይወጣ ጀመር። ከወላይታ ጋር ከምባታና ሀዲያም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። መንገዱ በሻሸመኔ አልፎ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጎን ወደ ሞጆና ናዝሬት ያወጣል።

በመንገዱ ማብቂያ የሚጠብቃቸው አሠሪም እንግዳ ነበር። በአጭር ስሙ ኤች.ቪ.ኤ. የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1879 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም ተመሥርቶ፣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በጃቫና በሱማትራ ሰፋፊ እርሻዎችን ያስተዳደረ ድርጅት ነው። ኢንዶኔዥያ ነጻ ስትወጣ የዚያ ዘመን ማብቃት ተቃረበ፤ ኩባንያውም ሌላ ምድር ፈለገ። በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ሥራ ጀመረ፤ የሸዋ ፋብሪካ በ1955፣ የመተሐራው ደግሞ በ1962 ተከተሉ። ጃቫ ላይ የተፈተነው የእርሻ አደረጃጀት፣ ከነአለቆቹ እርከንና ከነመኖሪያ ቤቱ አከፋፈል፣ አዋሽ ዳር ተተከለ።

ስለዚህ በወንጂ ከአገራቸው የራቁ ሁለት ዓይነት ሰዎች ተገናኙ። አንደኛው ከሆላንድ ወይም ከኢንዶኔዥያ በኮንትራት የመጣ ባለሙያ ነው፤ ሁለተኛው ከወላይታ የመጣ አገዳ ቆራጭ ነው። ሁለቱም ወደ ቤት የሚመለሱበትን ቀን ይቆጥሩ ነበር። ዕረፍታቸው ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። ለኃላፊዎችና ለውጭ ባለሙያዎች ዛፍ የተተከለለት ሰፈር፣ ክበብና መዋኛ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ኩባንያው የሠራተኛ ዕረፍት ሥራን እንደሚያቃና ያውቅ ስለነበር ለእነርሱ አስቦበታል። ለቆራጩ የታሰበለት የመኝታ ቦታ ነበር። ከሥራ በኋላ ያለው ጊዜ ለእርሱ ባዶ ሆኖ ተሰጠው፤ ባዶውን የሞላው እርሱ ራሱ ነው።

የሥራው ቀን ምን ይመስል ነበር? አገዳው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ እንዲቃጠል ማሳው በእሳት ይለበለባል። ቆራጩ ማለዳ በጥላሸት መካከል ገብቶ፣ አገዳውን ከሥሩ በገጀራ እየመታ ጫፉን እየቀነጠበ ይከምራል። የሚሠራው በተመደበለት ልክ በመሆኑ ብርቱው ፀሐይ ሳይበረታ ይጨርሳል፤ አዲስ መጪው ግን እስከ ከሰዓት በኋላ ይቆያል። በቁረጣው ወራት ፋብሪካው ሌሊትና ቀን ስለማያቋርጥ በውስጡ ያሉት ሠራተኞች በፈረቃ ይተካካሉ። ሌሎች ደግሞ ከአዋሽ የተጠለፈውን ውኃ በቦይ እየመሩ ያጠጣሉ። ወባ የሁሉም ጎረቤት ነበረች።

ውኃውም ራሱ ታሪክ አለው። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ ይሰጡ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የሚፈቅደው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ የወንጂ ጉድጓዶች ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጡ ነበር። ውጤቱ በካምፕ ተወልደው ባደጉት ልጆች ጥርስ ላይ ቡናማ ቀለም ሆኖ ታየ፤ ለረጅም ዓመታት በጠጡት ሠራተኞች ላይ ደግሞ አጥንትንና አከርካሪን የሚያደርቅ ሕመም ሆነ። ውኃውን የሚያጣሩ መሣሪያዎች ቢተከሉም ጉዳቱን ፈጽመው አላስቀሩትም። ይህን የማነሣው ስለ ዕረፍት ስንናገር ኑሮውን እንዳናስጌጠው ነው። ማታ በወግ መካከል የሚጠጣው ውኃም ከዚያው ጉድጓድ የተቀዳ ነበር።

አሁን ወደ ማታው ልለፍ። የመጀመሪያው የማታ ሥራ ምግብ ነበር። ከአንድ ቀበሌ የመጡ ሰዎች በአንድ ክፍል ይሰባሰባሉ፤ ገንዘብ አዋጥተው በቆሎና ዱቄት ይገዛሉ፤ በተራ ያበስላሉ። በአገሩ ማድቤት ገብቶ የማያውቅ ወንድ እዚህ ንፍሮ መቀቀልና ቂጣ መጋገር ይማራል። ቆጮና ጎዳሬ ሲናፈቁ ይውላሉ። ከአገር ቤት የመጣ ሰው ጥቂት የደረቀ የቡና ቅጠል ይዞ ከሆነ ሀይታ ቱኬው ይፈላል፤ ያንጊዜ ክፍሉ ለአንድ ሰዓት ያህል ወላይታ ይሆናል።

ሁለተኛው ወግ ነው። በወግ ውስጥ ጎሣ ይጠየቃል፤ ሰውየው ከማላ ነው ወይስ ከዶጋላ፣ የማን ልጅ ነው፣ እናቱ ከየት ናት? ይህ ጥያቄ ለጨዋታ ብቻ የሚቀርብ አልነበረም። አንድ ሰው ቢታመም ማን እንደሚያስታምመው፣ ቢሞት ማን እንደሚቀብረውና ለቤተሰቡ ማን እንደሚያረዳ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነበር። የወግ ክበብ ቀስ በቀስ ዕድር ሆነ፤ በደመወዝ ቀን የሚሰበሰበው መዋጮ ደግሞ ዕቁብ ሆነ። ዕቁቡ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ወደ አገር ቤት በሚመለስ ሰው እጅ ይልካል። ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት በእሑድ ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሌሎችን ደብዳቤ ይጽፋል፤ ከአገር የመጣውንም ያነባል። በዚያ ጥላ ሥር የሚሰማው የላሟ መውለድ፣ የግብሩ መድረስ፣ የእኅት መዳር ነው።

ሦስተኛው እሑድ ነው። በ1920 ዓ.ም. ሚሲዮናውያን ወደ ወላይታ ከገቡ በኋላ፣ በተለይም በጣሊያን ዘመን፣ የወንጌላውያን አማኞች ቁጥር በፍጥነት ጨምሮ ነበር። ብዙ ወጣቶች ወደ ካምፕ ሲሄዱ ከስንቃቸው ጋር መዝሙራቸውንም ይዘው ሄዱ፤ በቤት ውስጥ የተጀመረ የጸሎት ስብስብም እያደር ጉባኤ ሆነ። የኦርቶዶክስ አማኙ ደግሞ ወደ ቅርቡ ደብር ይሄዳል፤ በጽዋ ማኅበር ይገባል። ሌላው እሑዱን በቦርዴ ቤት ያሳልፋል። በዚያም ክራር ይመታል፤ ከዚያም የወላይታ ጭፈራ ይነሣል፤ የከምባታና የኦሮሞ ጎረቤቶችም ይቀላቀሉበታል። ገበጣና ካርታ፣ ኋላ ደግሞ ትራንዚስተር ሬዲዮ፣ የማታ መጫወቻዎች ሆኑ።

አራተኛው ኳስ ነው። በእርሻው መካከል ባለ ባዶ ሜዳ የተጀመረው ጨዋታ በየካምፑ ቡድን ሆነ፤ ከዚያም በፋብሪካ ደረጃ ተደራጀ። የወንጂና የመተሐራ ስኳር ክለቦች ኋላ በአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ እስከ መጫወት ደርሰዋል። ኳስ አንድ ነገር ከዕድር የተለየ ነበረው፤ ዕድሩ የአገር ልጆችን ሲሰበስብ፣ ቡድኑ የአንድ ካምፕ ሰዎችን ይሰበስብ ነበር። ወላይታው ለከምባታው ኳስ ያቀብላል፤ ጎል ሲገባም አብረው ይጮኻሉ። የቀበሌ ልጅነት ወደ ሠራተኛነት የተሸጋገረበት አንዱ ሜዳ ይህ ነበር።

ይህን ስል ግን የማነን ዕረፍት እንደምናወራ መጠየቅ ይገባናል። ቦርዴውን የምትጠምቀው፣ ጠላውን የምትቀዳው፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው ሴት ለእሑድ የምትዘጋጀው ቅዳሜ ነበር፤ እሑድም ራሱ ዋና የሥራ ቀኗ ነበር። ባሏን ተከትላ የመጣችው ሚስትም ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ልጅ አስታማ የምታርፍበት ፈረቃ አልነበራትም። የወንዶቹ ዕረፍት የቆመው በሴቶቹ ሥራ ላይ ነው። በፋብሪካው መዝገብ ላይ ስማቸው ስለማይገኝ ከታሪኩም እንዲወጡ ከፈቀድን በደሉን እኛ ደገምነው ማለት ነው።

የዕረፍት ሰዓት ያፈራውን ትልቁን ፍሬ ለመገንዘብ ወደ ሌላው ዓለም ጥቂት እንመልከት። በደቡብ አፍሪካ ኪምበርሌይ የአልማዝ ኩባንያዎች ከ1885 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥቁር ሠራተኞቻቸውን ውሉ እስኪያልቅ በዝግ ግቢ አስቀመጧቸው፤ ከሥራ ውጭ ያለው ሰዓትም በኩባንያው አጥር ውስጥ ያልፍ ነበር። የወንጂ ካምፕ እንዲህ አልተዘጋም ነበር። ሠራተኛው ናዝሬት ገበያ ይወጣ፣ ከሌላ ካምፕ ሰው ጋር ይገናኝ፣ ማኅበር ይቋቋም ነበር። የወንጂ ሠራተኞች በአገሪቱ ቀድመው ከተደራጁት መካከል የሆኑት በዚህ ምክንያት ጭምር ይመስለኛል። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አቶ አብርሃም መኮንን ከኤች.ቪ.ኤ. ሠራተኞች ማኅበር የመጡ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 210 ለማኅበራቱ ሕጋዊ መሠረት ሰጠ። መዋጮ መሰብሰብን፣ ሊቀ መንበር መምረጥንና ሒሳብ መጠየቅን ብዙው ሠራተኛ ቀድሞ የተለማመደው በዕድሩ ነው። እርግጥ ነው፣ ይህ ፍሬ ለሁሉም እኩል አልደረሰም፤ ቋሚው የፋብሪካ ሠራተኛ የማኅበር አባል ሲሆን፣ ለወቅቱ ብቻ የሚቀጠረው ቆራጭ በአብዛኛው ከዳር ቀርቷል።

ከወንጂ የራቁ ካምፖችም ነበሩ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ ተሳትፎ በአፋር ምድር የተቋቋመው የተንዳሆ የጥጥ እርሻ አንዱ ነው። እዚያ ሙቀቱ ይበልጥ የከበደ፣ ከተማውም የራቀ ስለነበር ለደጋ ሰው የበለጠ ፈታኝ ነበር። ሰው የሚመርጠው ግን የሚያውቀው ያለበትን ነው፤ አጎቱ ወንጂ ያለ ወንጂ ይሄዳል፤ ጎረቤቱ ተንዳሆ ያለ ተንዳሆ ይወርዳል። በዚህም ምክንያት ካምፑ ሩቅ ቢሆንም ከአንድ የወላይታ ቀበሌ ጋር የጎረቤት ያህል የተሳሰረ ይሆን ነበር።

እንግዲህ ወደ ጊፋታ ልመለስ። የአገዳ ቁረጣ የሚካሄደው በበጋ ነው፤ ክረምት ሲገባ ማሳው ስለሚጨቀይ ፋብሪካው ቆሞ መሣሪያው ይጠገናል። ቁረጣው እንደገና የሚጀምረው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ነው። የወላይታ ዘመን መለወጫ የሆነው ጊፋታ በመስከረም የሚውል በመሆኑ፣ የፋብሪካው የዕረፍት ወቅትና የሕዝቡ ዋና በዓል ተገናኙ። ለወቅት ሠራተኛው ይህ መገጣጠም ታላቅ ነገር ነበር። የዓመቱ ቁጠባ በአንድ ሳምንት ውስጥ ትርጉም ያገኛል፤ ለቅርጫው በሬ ይዋጣል፤ የተጣሉ ይታረቃሉ፤ ችቦው ሲቀጣጠል ከካምፕ የመጣው ወጣት በእኩዮቹ መካከል ይቆማል፤ እጮኛም የሚታየው ያንጊዜ ነው። በካምፕ ያለፉት ማታዎች ሁሉ ወደዚህ የሚያዩ ነበሩ። የካምፕ ሰው ትልቁ መዝናኛ ምን ነበር ቢባል፣ ስለ ጊፋታ ማሰብና ለጊፋታ ማስቀመጥ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

በ1967 ዓ.ም. ጥር ወር የስኳር ፋብሪካዎቹ በመንግሥት ተወረሱ፤ የሆላንድ ባለሙያዎችም ከአመራሩ ወጡ። ክበቡ ባለቤት ለወጠ፤ አገዳው ግን መቆረጡን፣ ወላይታውም መሄዱን አላቆሙም። በዚሁ ዓመት የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ከነሥሩ ቢነቅልም የማሳውን ስፋት አልጨመረም።

ታሪኩ ግን አቅጣጫ የሚቀይርበት ጊዜም መጣ። በ1998 ዓ.ም. የጊቤ 3 ግድብ ግንባታ በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ሸለቆ ተጀመረ። ሥራውን የያዘው የጣሊያኑ ሳሊኒ ኩባንያ ነበር። ከ240 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውና 1,870 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሚችለው ግድብ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. እስኪመረቅ ድረስ አሥር ዓመት ያህል ፈጀ። በእነዚያ ዓመታት በሸለቆው ውስጥ ሌላ የሠራተኞች ካምፕ ኖረ። አሁን ከአገሩ የራቀው ከአውሮፓና ከእስያ የመጣው ባለሙያ ነበር፤ የወላይታና የዳውሮ ወጣት ግን የካምፕ ኑሮን የገፋው በገዛ ምድሩ ነው። ሶዶ፣ በአንድ ወቅት ሠራተኛ የምትሸኝ ከተማ፣ ከካምፕ የወጣ ሰው የሚያርፍባት ከተማ ሆነች። በእጅ የሚላከው ደብዳቤ በተንቀሳቃሽ ስልክ ተተካ። ፈረቃው፣ በደረጃ የተለየው መኖሪያና የቤት ናፍቆቱ ግን ለወንጂ ሰው እንግዳ የሚሆኑበት አልነበሩም።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ ምን ይከተላል? በተለይ ለተማሪዎቼ የምለው አለኝ። ከወንጂ የተመለሱ አባቶች ጨዋታ ሲጀምሩ ልብ ብላችሁ አድምጡ። ስለ ፋብሪካው ብትጠይቋቸው በጥቂት ቃል ይመልሱላችኋል፤ ከማን ጋር ይበሉ እንደነበር፣ ማን በኳስ ይበልጥ እንደነበር፣ ዕድራቸው የመጀመሪያውን ሟች እንዴት እንደቀበረ ብትጠይቁ ግን አይጨርሱም። የኩባንያው መዝገብ ስንት ኩንታል እንደተመረተ ይነግረናል፤ የሰዎቹን ኑሮ የሚነግሩን ግን የዕድር መዝገቦች፣ ያረጁ ፎቶግራፎች፣ በሣጥን ሥር የቀሩ ደብዳቤዎችና የእነዚህ ሰዎች አንደበት ናቸው። በ1950ዎቹ አገዳ የቆረጠ ወጣት ዛሬ አርጅቷል። ቦርዴ የሸጠችለት ሴትም እንዲሁ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊፋታ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ደብተር ያዙ። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ወንጂ፣ መተሐራ ወይም ተንዳሆ የሠሩ አባት፣ በዚያ የኖሩ እናት ካሉ አጠገባቸው ተቀመጡ። የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ስለ ሥራው አይሁን። ሥራ ሲያበቃ ምን ያደርጉ እንደነበር ጠይቋቸው፤ እናቶችን ደግሞ ሥራቸው መቼ ያበቃ እንደነበር ጠይቁልኝ።

 ለጥያቄና ለእርማት ዝግጁ ነኝ።